አቢሲኒያ የሚባል ዛፍ

እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር በረድፍ ተቀምጣ፣ ጥቁሩን፣ ስባሪውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው እየለየች ነው ያሳደገችኝ። በግራዋ ሙስሊም፣ በቀኟ ክርስቲያን ይቀመጡ ነበር። በረመዳን የጾመችው ስትደክም ያልጾመችው ታግዛታለች፤ ዓቢይ ጾም ሲገባ ውለታው ይመለሳል። እኔም አድጌ እንጀራዬ ከቡና አልራቀም፤ ቡና ቀማሽ ሆንኩ። እናቴ በዓይኗና በጣቶቿ ትለይ የነበረውን እኔ በምላሴ መለየት ተማርኩ።

በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለሥራ ወደ ኢንዶኔዥያ ሄድኩ። ያረፍኩት የሱማትራ ቡና ወደ ባሕር በሚወጣባት በሜዳን ከተማ ነበር። አንድ ቀን በቅምሻ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ስኒዎች አንዱ አስቆመኝ። ወፍራም ነው፤ አይኮመጥጥም፤ በመጀመሪያው ዝናብ የራሰ አፈር ይሸታል። የይርጋጨፌን የአበባ መዓዛ፣ የሐረርን ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ጣዕም ለለመደ ምላስ እንግዳ ነው። አንዴ ፉት ብዬ ማለፍ ሲገባኝ ሦስት ጊዜ ተመለስኩበት። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «ከጋዮ ነው፤ አቼ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለ ደጋ» አሉኝ።

ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። አቼ በኢንዶኔዥያ የሸሪዓ ሕግ የሚሠራበት ብቸኛው ክፍለ ሀገር ነው። ሰዉ አጥባቂ ነው። ሴት ልጅ፣ ያውም ብቻዋን፣ ያውም ክርስቲያን! አልመከሩኝም።

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። አዛን እየቀሰቀሰኝ ያደግሁ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ «አዴ» እያልኩ ከምጠራቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ትሪ ስበላ፣ ደጃፋቸው ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ ነው ያደግሁት። ታዲያ የሩቅ አገር ሙስሊም ከአዴ የተለየ ፍጡር መስሎ የታየኝ በምን ምክንያት ነው? አንድ ቃል ብቻዋን ናት ያንን ያደረገችው፤ «አጥባቂ» የምትለው ቃል። ሰውየው ሳይታይ ቃሉ ቀድሞ ደርሶ በሩን ይዘጋል።

ቢሆንም ሄድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ነጠላ ነበረኝ። ውጭ አገር በሄድኩ ቁጥር እናቴ «ቤተ ክርስቲያን ብታገኚ» እያለች ሳታስይዘኝ አታድርም። የአቼ ዋና ከተማ ባንዳ አቼ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ያንኑ ነጠላ አውጥቼ፣ ለቅዳሴ እንደምከናነበው ተከናነብኩት። ፓስፖርቴን የተቀበለችው ልጅ ጥለቱን በጣቷ እያሳየች ፈገግ አለች። ያስፈራኝ መከናነብ ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ነበር።

ሜዳን ያሉት ሰዎች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አገናኙኝ። የጋዮ ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛ ታጠናለች፤ የቡናው ለቀማ ስለደረሰ ወደ አያቶቿ ቤት ልትሄድ ተዘጋጅታ ነበር። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምራ «ካካ» ብላ ጠራችኝ። ካካ ማለት እትዬ እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብቻዬን አልነበርኩም።

ባንዳ አቼ ማዕበሉ ገና ከዓይኗ ያልጠፋ ከተማ ነበረች። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ። በአቼ ብቻ ከ160,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ደብዛው ጠፍቷል። ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረ 2,600 ቶን የሚመዝን መርከብ ኪሎ ሜትሮች ተገፍቶ መኖሪያ ሰፈር መካከል ተቀምጧል። ሳየው እዚያው የቆመ ሐውልት ሆኖ፣ ልጆች በዙሪያው ብስክሌት ይነዱ ነበር። በከተማዋ መካከል ያለው የባይቱራህማን ታላቅ መስጊድ ግን ነጭ ግድግዳውና ጥቁር ጉልላቶቹ እንዳሉ ቆመው ቀሩ። እዚያ የተጠለለ ብዙ ሰው ተርፏል።

ልጅቷ የእናቷን እህት በዚያ ቀን አጥታለች። እርሷ ያኔ አያቶቿ ዘንድ ደጋ ላይ ስለነበረች ውኃው አልደረሰባትም። በመርከቡ ጥላ ሥር ተቀምጠን ይህን ስትነግረኝ እኔም የደጫቱን ነገርኳት፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ያ አሸዋ ብቻ የምናውቀው ወንዝ ሌሊት ድንገት ሞልቶ ድሬዳዋን እንዴት እንዳረሳት፣ ከ200 በላይ ሰው እንዴት ይዞ እንደሄደ። ቁጥሩ ከእነርሱ ጋር አይወዳደርም። ልጅቷ ግን አላወዳደረችም። እጄን ይዛ ዝም አለች። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ እነርሱም ያውቁበታል።

በዚያች ከተማ ቡና ቤት እንደ አሸዋ ነው። ቡናው የቆላው ሮቡስታ ነው። ቡና የሚያፈላው ሰው ረጅም ካልሲ የሚመስል የጨርቅ ማጥለያ ይዞ፣ አንዱን ማንቆርቆሪያ ከራሱ በላይ አንስቶ ወደ ሌላው ሲያወርደው ቡናው በአየር ላይ እንደ ገመድ ይዘረጋል። አንዲት ጠብታ አትፈስም። ወንዶቹ ቅርንፉድ የተቀላቀለበት ሲጋራ እያጨሱ ለሰዓታት ይጨዋወታሉ፤ ቤቱ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። አዛን ሲሰማ መጋረጃው ይወርዳል። ሶላቱ ሲያበቃ ይነሳል፤ ወሬውም ከተቋረጠበት ይቀጥላል። ሴቶችም፣ በተለይ ተማሪዎች፣ በቡድን ይመጣሉ። ራሳቸውን ተከናንበው፣ መጽሐፍ ዘርግተው።

አቼዎች አገራቸውን «የመካ በረንዳ» ይሏታል። ወደ ሐጅ የሚሄዱ መርከቦች ከዚህ ይነሱ ስለነበር ነው ስሙ የወጣው። ልጅቷ ግን ቅድሚያ የነገረችኝ ሌላ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1641 እስከ 1699 ድረስ፣ 58 ዓመት ሙሉ፣ አቼን አራት ሱልጣናት ተከታትለው ገዝተዋል፤ አራቱም ሴቶች። የመጀመሪያዋ ሱልጣን ታጁል አለም ሳፊያቱዲን ናት። «ካካ፣ ስለ እኛ ሲወራ ይህን የሚያወራ የለም» አለችኝ። የቅሬታ ድምፅ ነበረው። እኛም አገራችን በድርቅ ብቻ ስትጠራ የሚሰማን ስሜት ስለሆነ አወቅሁት።

በኅዳር 14 ቀን ጠዋት በሚኒባስ ወደ ደጋው ተነሳን። የባሕሩን ዳር ይዘን ቢሬውን ከምትባል ከተማ ስንደርስ ልጅቷ በመስኮት ወደ አንድ መስጊድ አሻግራ አሳየችኝ። በአቼ በሕግ የታዘዘው የመጀመሪያው የአደባባይ ግርፋት እ.ኤ.አ. በ2005 ሰኔ ወር የተፈጸመው እዚህ ከተማ ነው፤ ተገራፊዎቹ ቁማርተኞች ነበሩ። ምን ታስቢያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ ቆይታ መለሰችልኝ። «ሻርፑን ማንም ባያዘኝም አደርገዋለሁ፤ የእኔ ነው። ዱላው ግን የእኔ አይደለም። ሰው ሲገረፍ ቆሞ ማየት ልብ ያደነድናል፤ ነቢዩም ልበ ደንዳና አልነበሩም።» እኔም እንደዚያው አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ስለ አቼ ሰው ደግነት ስጽፍ ያንን ዱላ ከታሪኩ ላወጣው አልፈልግም። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ተማርኩ። ከውጭ ሆነን አንድ ቃል የለጠፍንበት ሕዝብ ከውስጥ ሆኖ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ከእኛም አጥብቆ ይከራከራል።

ከቢሬውን እስከ ታኬንጎን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁሉም ዳገት። ኮኮነቱ ቀረ፤ ሙቀቱ ቀረ፤ ጥድ መጣ። ጆሮዬ ሲደፈን የደንገጎን ጠመዝማዛ አስታወስኩ። ድሬዳዋን ከታች ትቶ ወደ ሐረር ሲወጣ እንዲሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ጋቢ ይፈልጋል። ከመጨረሻው ኩርባ በኋላ ሐይቁ ታየ። ላውት ታዋር ይሉታል፤ ጨው የሌለው ባሕር ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራሮች መካከል ተኝቷል። በዙሪያው ያለው ተራራ ሁሉ ቡና ነው።

አያቶቿ ቤት ስንገባ መሸ። በጋዮኛ ወንድ አያት «አዋን»፣ ሴት አያት «አናን» ይባላሉ፤ እኔም እንዲሁ ጠራኋቸው። በማግስቱ የነቢያት ጾም ገባ። አናን በእንግዳ ደንብ ዶሮ ሊያርዱ ሲነሱ አልበላም ማለት ከበደኝ። ልጅቷ ግን አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፦ «ፑዋሳ»። ጾም ማለት ነው። አናን ወዲያው ቢላዋውን አስቀመጡ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምጾም፣ ምን ምን እንደማይበላ፣ ስንት ቀን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም፤ እስከ ገና ድረስ አርባ ምናምን ቀን ነው ስላቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝና «የእናንተ ከእኛ ይረዝማል!» አሉ። በዚያ ሳምንት ያልበሰለ የጃክ ፍሬ በኮኮነት ወተት ወጥ፣ የካሳቫ ቅጠል፣ ቶፉ፣ ሩዝ አበሉኝ። ከሐይቁ የሚወጣውን ዴፒክ የሚባለውን ትንሽ አሳም አልሰጡኝም። እናቴ በጾም አሳ አትበላም ብዬ ስለነገርኳቸው እናቴን አከበሩልኝ። በየማለዳው ቤቱ ሳይነቃ «ፑዋሳ?» ብለው ይጠይቁኛል። «ፑዋሳ» እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ጾም የሚያውቅ ቤት ውስጥ መጾም ምን ያህል እንደሚቀል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አዋን ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ምንም አልነገራቸውም። አፍሪካ ስላቸውም በጨዋነት ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተያዘላቸውም። ያን ሰሞን ከሰፈሩ ትንሽ መስጊድ አዛን ሲሰማ ልጅቷን ማን ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ቢላል ነው» አለችኝ። በማግስቱ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ወጣት ነው። «ዛሬስ ማን ነው?» አልኳት። «ቢላል» አለችኝ አሁንም። ሁለቱም ቢላል ይባላሉ ወይ ስላት ሳቀች። ለካ እዚያ አገር አዛን የሚያደርገው ሰው ሁሉ፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ የሚጠራው «ቢላል» ተብሎ ነው። የሥራው መጠሪያ ነው።

ይህን ሲሰሙ አዋን ጣልቃ ገብተው ያስረዱኝ ጀመር። የመጀመሪያው ቢላል የነቢዩ ሙአዚን እንደነበረ፣ ባርያ ሆኖ እንደተሠቃየና ድንጋይ ተጭኖበት እምነቱን እንዳልካደ፣ ዘሩም ከባሕር ማዶ እንደሆነ ነገሩኝ። የአገሩን ስም ሲጠሩት ግን ዘልዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። «ሐባሻህ።»

«የእኔ አገር እኮ ነው!» አልኩ በአማርኛ። ልጅቷ መተርጎም አላስፈለጋትም። ነጠላዬን ደረቴ ላይ ይዤ «ሐባሻህ! ሐበሻ ነኝ!» አልኳቸው። አዋን ከተቀመጡበት ተነሱ። ቅድም ስሙ ምንም ያልነገራቸው አገር አሁን ፊታቸውን አበራው። ነጃሺን ጠሩ፤ የነቢዩ ተከታዮች በመካ ሲሳደዱ፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ባሕር ተሻግረው የተጠለሉበትን የሐበሻ ንጉሥ። አናንን ከጓዳ ጠሯቸው። «የነጃሺ አገር ሰው ቤታችን አለች!» በማግስቱ ኅዳር 17፣ ጁምዓ ነበር፤ ከሶላት በኋላ የጎረቤት ሽማግሌዎች ሊያዩኝ መጡ። እኔ የነጃሺ መስጊድ ያለበትን ነጋሽን በካርታ ብቻ የማውቅ፣ ትግራይ ድረስ ሄጄ ያልተሳለምኩ ሰው፣ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት የተሰጠ መጠለያ ምስጋናውን ስቀበል ዋልኩ።

ቡናው ማሳ ውስጥ የገባነው በማግስቱ ነው። አንድ ሄክታር ያህል ናት፤ እዚያ ያለው ገበሬ አብዛኛው የሚኖረው በዚያችው ነው። ዘንቢሌን ወገቤ ላይ አስሬ ከአዋን ጋር ቀይ ቀዩን ለቀምኩ። ዝናብ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። የጋዮ ቡና ጣዕም ምሥጢሩም እሱ ዝናብ ነው። የእኛ አገር ገበሬ የታጠበውን ቡና በአልጋ ላይ ዘርግቶ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም አድርቆ፣ ርጥበቱ ወደ አሥራ ሁለት ከመቶ ሲወርድ ነው ገለባው የሚነሳለት። እዚህ ዝናቡ ያንን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የተፈለፈለው ፍሬ አድሮ ይታጠባል፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ያያል፣ ከዚያ ርጥበቱ ሠላሳና አርባ ከመቶ እንደሆነ ገለባው ይገፈፍና ራቁቱን ይደርቃል። ፍሬው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ይሆናል። ሜዳን ላይ ያስቆመኝ የርጥብ አፈር ሽታ ዝናብን ያልታገለ ሰው ሥራ ነበር። ከዝናቡ ጋር ተስማምቶ ነው የኖረው።

በማሳው ጥግ፣ ከሌሎቹ ረዘም ያሉ፣ ቀጠን ያለ ግንድ ያላቸው ጥቂት ዛፎች አየሁ። ሌላው ቡና ሁሉ እጅ እስኪደርስበት ተቆርጧል፤ እነዚህ ግን አልተነኩም። ምንድን ናቸው ብዬ ጠየቅሁ።

«አቢሲኒያ» አሉ አዋን።

ልጅቷን አየኋት፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ከእኛ አገር የተወሰደ የዓረቢካ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ጃቫ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ አቼ ተሻግሯል፤ ገበሬዎቹም በመጣበት ስም ይጠሩታል። ቡና ራሱ እኮ ወደ እነርሱ የመጣው በረጅም ዙር ነው። ከእኛ ጫካ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሕንድ፣ ከሕንድ እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ በሆላንዶች እጅ ወደ ጃቫ። ከጃቫ የሄደ ችግኝ አምስተርዳም፣ ከአምስተርዳም ፓሪስ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ። ሆላንዶች ጋዮን ለማስገበር እ.ኤ.አ. በ1904 ባደረጉት ዘመቻ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ገደሉ፤ ከዚያ መንገድ ቀደዱ፣ ቡና ተከሉ። እኛ ዓድዋን ካሸነፍን ገና ስምንት ዓመት ሆኖን ነበር። የአዋን አባት ቡና የተከሉት በዚያ ሐዘን ላይ ነው። ልጆቻቸው ግን የራሳቸው አድርገውታል፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜ «የጋዮ ቡና» የሚለው ስም ከመጣበት አካባቢ ጋር ተሳስሮ በመንግሥታቸው በሕግ ተመዝግቦላቸው ነበር። እኛም ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በባዕድ አገር የንግድ ምልክት አድርገን ለማስመዝገብ ስንት እንደተሟገትን ስለማውቅ ደስታቸው ገባኝ።

አቢሲኒያ የአገሬ የድሮ ስም እንደሆነ ለአዋን ነገርኳቸው። ሐባሻህ ማለት እሱው ነው አልኳቸው። እጃቸውን ግንዱ ላይ እንዳኖሩ ቆዩ። ከዚህ በፊት ሁለቱ ስሞች አንድ አገር መሆናቸውን አያውቁም ነበር፤ አንዱ የመስጊድ ስም ነው፣ አንዱ የማሳ። ዛፉ ብዙ ፍሬ አይሰጥም፣ ረጅም ነው፣ ንቀለው ያላቸው ብዙ ነው። አባቴ ስለተከለው አልነቅለውም ብለው አቆይተውታል። ትንሽ ቆይተው ጠየቁኝ፦

«እናንተ አገር ይህን ዛፍ ምን ትሉታላችሁ?»

«ቡና» አልኳቸው። «ቡና ብቻ። ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል።»

አሰቡበት። ከዚያ ልጅቷ ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ፦ «ቤቱ ላለ ስም ምን ያደርግለታል? ስም የሚያሻው ለወጣ ነው።»

ያንን ያሉት ሽማግሌ ከደሴታቸው ወጥተው አያውቁም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን፣ ቡና የሚሰበስበው ነጋዴ ግቢ ውስጥ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ሲለቅሙ አየሁ። በረድፍ ነው። ራሳቸውን ተከናንበዋል፤ ትሪያቸው ጭናቸው ላይ ነው። እግሬ ራሱ ወሰደኝ፤ ሄጄ በመካከላቸው ተቀመጥኩና ለቀምኩ። ሲያዩኝ መጀመሪያ ተሳሳቁ። ትንሽ ቆይተው ግን ሳቃቸው ቆመ፤ ጣቶቼን ያዩ ነበር። ጥቁሩን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ሳይሆን፣ በመሐል ጣት ገፍቶ ወደ መዳፍ የሚሰበስብ አለቃቀም አለ። እናቴ ያሳየችኝ ነው። አጠገቤ የነበሩት አሮጊትም እንዲሁ ነበር የሚለቅሙት። ትሪዬን ወስደው በጣታቸው በተኑት፤ ሁለት ነቀዝ የበላቸው ፍሬዎች አውጥተው አሳዩኝና መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ለልጅቷ አንድ ነገር አሏት። «እናቷ ለቃሚ ናት ወይ?» ብለው ነበር የጠየቁት።

እኒያው አሮጊት ስለ ጦርነቱ ነገሩኝ። በአማጽያኑና በመንግሥት መካከል ከ1976 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የቆየው ውጊያ ወደ 15,000 ሰው እንደበላ አንብቤያለሁ። እርሳቸው ግን የነገሩኝ ስለ አንድ ዓመት ቡና ነው። ማሳቸውን ጥለው ሸሽተው፣ ሲመለሱ ፍሬው ሁሉ ረግፎ መሬቱን ቀይ አድርጎት አገኙ። «ደም መሰለኝና ጮህኩ፤ ቡና ነበር» አሉ። ማዕበሉ በመጣ በስምንተኛው ወር ሁለቱ ወገኖች ሄልሲንኪ ላይ ተፈራርመው ውጊያው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለቀማ አንድም ዓመት አላጓደሉም።

ያን ምሽት አናን ጓዳ ገብቼ ቡና ቆላሁ። ጀበና የለም፣ ረከቦት የለም፤ የብረት መጥበሻ፣ የእንጨት ማማሰያና የከሰል እሳት አለ። ሲንጣጣ መጥበሻውን ይዤ ዞርኩ፤ አንድ በአንድ ጭሱን ወደ ራሳቸው በእጃቸው ሳቡ፤ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። አዋን የዘንባባ ስኳር እየነከሱ ነው የሚጠጡት። ሦስት ጊዜ አፈላሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ስሞቹን አስተማርኳቸው። ሦስተኛውን ለመተርጎም ልጅቷ አልተቸገረችም። በረካ በእነርሱም በረካ ነው።

ስሰናበት አዋን ከእነዚያ ረጃጅም ዛፎች ብቻ ለቅመው፣ ለብቻው አጥበው፣ በእንጨት ሙቀጫ ገለባውን ገፍፈው ያደረቁትን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ግማሽ ኪሎ አይሞላም።

ድሬዳዋ ስደርስ እናቴ ከቡናው በፊት ያገኘችው ነጠላውን ነው። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «ይህ ነጠላ ምን ነካው? ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» አለች። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት። አዴንም ጠራናቸው። ቡናው ትሪ ላይ ሲፈስ እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ሥራ ቀን ጣቷን እያስገባች አየችው። የምታወጣው አላገኘችም። ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። አዴ ፉት አሉና ዝም አሉ። እናቴም ፉት አለችና «አፈር አፈር ይላል፤ ዝናብ የመታው» አለች። ስሙን ጠየቀችኝ።

«አቢሲኒያ» አልኳት።

ስኒውን አስቀምጣ አየችኝ። «የእኛው ነዋ! ይህን ሁሉ ዘመን ታዲያ የት ቆየ?»

«አጥባቂ» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሰማ፣ እግሩን ተከትሎ የሚመጣ ሌላ ቃል አለ፤ «ጠባቂ» የሚል። ለእናቴ የመለስኩላትም እሱን ነው።

«የሚጠብቁት ሰዎች ዘንድ» አልኳት።